«ጥሩ ነው» ሲሏችሁ አትመኑ

ልጆቼ፣ የሆስፒታል ወረፋና የአልጋ እጥረት ላይ የኮምፒውተር ሲሙሌሽን፣ ማለትም እውነተኛውን ሥራ ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ማስኬድ፣ ለጀመራችሁ ነው የምጽፈው። ስሌቱን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ስለምትስሉት ግራፍና ስለሚያየው ሰው ግን ጥቂት ልበላችሁ።

ከዓመታት በፊት ለአንድ ሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምናውን ወረፋ በሲሙሌሽን ሠራሁ። ካርድ ክፍሉ፣ ትሪያጁ (ታካሚ እንደ ሕመሙ ክብደት የሚለይበት)፣ ላቦራቶሪው፣ ሁሉም ገብቷል። ታካሚዎቹ ነጠብጣብ ሆነው ስክሪኑ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከሥር የወረፋው ግራፍ አለ። ለክፍሉ ኃላፊ ለሲስተር አሳየኋቸው። «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ከወር በኋላ ስመለስ ማንም አልከፈተውም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ማውሱን ሰጠኋቸው። «ነገ አንድ ነርስ ቢጨመርልዎት የት ይመድቧታል? እስኪ ከዚህ ላይ ይፈልጉልኝ።» ግራፉን ብዙ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ወረፋው ከፍ ያለበት ቦታ ላይ አሳረፉ። ከሥሩ 8፡00 ይላል።

«በ8 ሰዓትማ ካርድ ክፍሉ ጭር ይላል እኮ» አሉኝ።

ኮምፒውተሩ 8፡00 ያለው ከጠዋቱ 2 ሰዓትን ነበር። እሳቸው ያነበቡት ከምሳ በኋላ ያለውን 8 ሰዓት ነው። ወር ሙሉ ሥራዬ የተሳሳተ መስሏቸው፣ ይሉኝታ ይዟቸው ዝም ብለዋል። ያ ነገር እስከዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

እኛ አገር ላፕቶፕ ይዞ ለመጣ እንግዳ «አልገባኝም» የሚል ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ «እንዴት አያችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሥራ ስጧቸውና እጃቸውን እዩ። ሲቸገሩ ማውሱን ለመንጠቅ እጃችሁን ይበላችኋል፤ ታገሡ። ብዙ ሰው አያስፈልግም። የሶፍትዌር አጠቃቀም አጥኚው ያኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ አምስት ሰው ብቻ ሲሞክረው አብዛኛው ችግር ይወጣል። እኔ የምጨምረው፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋንና የማታ ተረኛውን እንዳትረሱ ነው። ሜዲካል ዳይሬክተሩ ስለ መጪው ዓመት በጀት ያስባሉ፤ እሷ የምታስበው በሯ ላይ ስለቆመው ሰው ነው። ለሁለቱ አንድ ግራፍ አይበቃም።

የዘመን አቆጣጠሩንም ተጠንቀቁ። በጀቱ ሐምሌ 1 ለሚጀምር መሥሪያ ቤት ከጃንዋሪ የሚነሳ ግራፍ ምን ይጠቅመዋል? ቀለሙም እንደዚሁ። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ወንዶች አሉ፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ኅትመት ነው።

በጣም የምፈራው ግን የሚንቀሳቀሱትን ነጠብጣቦች ነው። ሰው ሲንቀሳቀስ ያየውን ያምናል። እናንተ ሲሙሌሽኑን መቶ ጊዜ አስኬዳችሁት፣ በየጊዜውም የተለያየ ውጤት ሰጥቷችሁ ይሆናል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ከመቶው አንዱ ብቻ ነው። ምናልባትም ቀኑ የቀናበት። አማካዩን ብቻ ብታሳዩም ሰኞና አርብ አንድ ላይ ይጨፈለቃሉ። «ከአስር ሰኞ በስምንቱ ወረፋው እስከ 5 ሰዓት ይቆያል» ብትሉ ተረኛዋ ነርስ ወዲያው ይገባታል።

ሰዓቱን አስተካክዬ በማግስቱ ለሲስተር መልሼ አሳየኋቸው። ያን ጥያቄ ደገምኩላቸው። አሁን ጣታቸው ቀጥ ብሎ 2 ሰዓት ላይ ሄደ።

«ነርሷ ትቆይልኝ» አሉ። «መጀመሪያ ካርድ የሚያወጣ ሰው ስጡኝ።»