ነፋሻማ ገደል ወይስ ነፋስ የሚገርፈው?

ጥያቄ፦ ስለ ዕፅዋት አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ነፋሻማ በሆኑ የባሕር ዳርቻ ገደሎች ላይ የሚበለጽጉ የዱር አበባዎች» ብዬ ጀመርኩ። ጓደኛዬ አንብቦ «የመዝናኛ ቦታ ማስታወቂያ ይመስላል» አለኝ። ሰዋስዉ ላይ ስሕተት አላየሁም። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ጆሮ አለው። ሰዋስዉ ደህና ነው፤ ጉዱ ያለው «ነፋሻማ» ላይ ነው። ቃሉ በተለመደው አነጋገር ሙገሳ ነው። «ነፋሻማ አየር» ሲባል ሙቀት የሚያበርድ፣ ሰው አረፍ ሊልበት የሚመኘው ቦታ ነው የሚታየን።

የባሕር ገደል ነፋስ ግን እንዲህ አይደለም። ከማዕበሉ ላይ ጨዋማ ፍንጣቂ እያነሣ ቅጠል ላይ ይረጫል። ጨው የቅጠሉን ውኃ ይመጥጣል፤ ቅጠሉም ጠርዙ ይጠቁርና ይደርቃል። ስለዚህ «ነፋስ የሚገርፈው» ቢሉ ይሻላል። በ«መግረፍ» ውስጥ ምቱም ድግግሞሹም አለ።

አበቦቹን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ይህን ቃል አይከራከርም። በአውሮፓ ጠረፎች የታወቀችውን፣ አርሜሪያ የተባለችውን አበባ እንውሰድ። ቅጠሎቿ ቀጫጭን ናቸው፤ ተጠቅጥቀው መሬት ላይ ጉብ ይላሉ። ነፋስ ደግሞ ከመሬት አጠገብ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሥሯ በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ወደ ታች ጠልቆ ይገባል። ወደ ውስጧ የዘለቀውን ጨው ቅጠሏ ላይ ባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች መልሳ ታስወጣዋለች። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ በቀጭን አገዳ ጫፍ፣ ሮዝ አበባዋ ይወዛወዛል።

አንዳንዶች «ነፋስ የሚወዱ አበቦች» ይላሉ። እኔ አልስማማም። አይወዱትም፤ ይችሉታል እንጂ። ጥሩ አፈር ላይ ቢበቅሉ ረጃጅም ሣርና ቁጥቋጦ ይውጣቸው ነበር። ገደሉ ላይ ግን ያን ተቀናቃኝ ነፋሱና ጨዉ ያባርሩላቸዋል። «ድርቅ የሚቋቋም ሰብል» እንደምንለው ሁሉ «ጨውና ነፋስ የሚቋቋሙ» ቢሉ ነገሩን በልኩ ገለጹት ማለት ነው።

«የሚበለጽጉ»ን ግን ያውጡልኝ። የሚበለጽገው አገር ነው፣ ነጋዴ ነው። አበባ በለጸገ ሲባል የባንክ ደብተር ያወጣ ያስመስለዋል። አበባ ያብባል፣ ይፈካል፤ ተክሉ ደግሞ ይለመልማል፣ ቦታው ይስማማዋል።

«ገደሎች ላይ» ስሕተት የለበትም፣ ብቻ ትንሽ ደብዛዛ ነው። ገደል ስንል ወደ ታች ነው የምናየው፤ «ገደል ገባ» እንዲሉ። አበባው ከላይ ጫፉ ላይ ከሆነ «አፋፉ ላይ»፣ ቁልቁል በቆመው አለት ላይ ከሆነ «በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ» ይበሉ። ዓረፍተ ነገሩን እኔ ብጽፈው «ነፋስ በሚገርፈው የባሕር ገደል አፋፍ ላይ የሚያብቡ የዱር አበቦች» እል ነበር።

«አበባዎች» ወይስ «አበቦች» ለሚለው፣ ሁለቱም ያስኬዳል። አንዱን ከመረጡ ግን እስከ መጨረሻው እሱኑ ይያዙ።