የመኪና ቁልፍ ጠፋብኝ፣ አለቀብኝ፣ ውሃ ገባበት? ጠይቁኝ

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ውሎዬ ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአብዛኛው ቁልፍ ሆኗል። ዛሬ ሥራ ቀዝቀዝ ስላለ እስከ ማታ ጠይቁኝ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ቁልፍ የምትሉት ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስት ዕቃ አለ። ብረቱ በርና መሪ ይከፍታል። ሪሞቱ ከሩቅ ይቆልፋል፣ ባትሪም የሚበላው እሱ ነው። ሦስተኛው ቺፑ ነው። ባትሪ የለውም፣ አይታይም፣ ሞተሩ እንዲነሳ የሚፈቅደው ግን እሱ ነው። የትኛው እንደተበላሸ ሳታውቁ ወደ ቁልፍ ሰሪ ከሄዳችሁ ሦስቱንም ትከፍላላችሁ።

ጥያቄ፦ የያሪሴ ቁልፍ ሽፋኑ ተሰባብሮ ነበር። መርካቶ አዲስ ካቨር ገዝቼ ራሴ ቀየርኩት። በሩ በሪሞት ይከፈታል። መኪናው ግን ነሳ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ባትሪ ይሆን?

አሮጌውን ሽፋን ጥለኸዋል? ካልጣልከው ተርፈሃል። አንተ ያዛወርከው የሪሞቱን ሰሌዳ ነው፣ ቺፑ አሮጌው ውስጥ ቀርቷል። መብራት ሥር አድርገህ ውስጡን እይ። ጥግ ላይ፣ ብረቱ ከሚገባበት አጠገብ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር ተሰክታለች። የፕላስቲክ ስባሪ ነው የምትመስለው፣ ለዚህ ነው ሰው የሚጥላት። መኪናው ላይ ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ቀለበት አለ። ቀለበቱ ለቺፑ ኃይል ይሰጠዋል፣ ቺፑ ቁጥሩን ይመልሳል፣ የመኪናው ኮምፒውተር ቁጥሩን ካላወቀው ሞተሩን ያጠፋዋል። ኢሞቢላይዘር የሚባለው ይኸው ነው። ለጊዜው አሮጌውን ሽፋን ከቁልፉ ራስ ጋር አጣብቀህ ይዘህ አስነሳ፣ ይሠራል። ከዚያ በቀጭን ስክሪውድራይቨር ቀስ ብለህ አውጣትና አዲሱ ላይ ክተታት።

አንድ ደንበኛዬ ጥሏት ኖሮ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሳይመጡ ማዳበሪያውን ግቢ ውስጥ ዘርግፎ ሲበረብር አረፈደ። አገኛት፣ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፎባት።

ጥያቄ፦ የ2010 ሞዴል ኮሮላ አለኝ። አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረኝ፣ እሱም ታክሲ ውስጥ ጠፋ። መኪናዋ ሰፈር ቆማለች። በሎቤድ ላስጭናት?

አታስጭኚያት እህቴ። መሣሪያው ተንቀሳቃሽ ነው፣ ባለሙያው ወደ መኪናዋ ይመጣል። መጀመሪያ ብረቱ ይቀረጻል፣ በቁልፉ ኮድ (ፋብሪካው ለቁልፉ በሰጠው ቁጥር) ወይም የበሩን መክፈቻ አውጥቶ ጥርሱን በማንበብ። ከዚያ መሪው ሥር ባለው ሶኬት መሣሪያ ይሰካና የድሮው ቁልፍ ከኮምፒውተሩ ተሰርዞ አዲሱ ይመዘገባል። ቶዮታ ላይ ይሄ ማስተካከያ 16 ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል፣ የመኪናዋ ባትሪ ደካማ ከሆነ መሃል ላይ ተቋርጦ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ ቀድመሽ ባትሪውን አስሞይ። የቆዩ ሞዴሎች ላይ ግን በሶኬት የማይሆን አለ፣ ኮምፒውተሩ ተፈቶ ውስጡ ያለው ሚሞሪ መነበብ አለበት። እሱ የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ሊብሬና መታወቂያ አዘጋጂ። ሊብሬ ሳይጠይቅሽ የሚሠራልሽን ሰው እንደ ቀና ሰው አትዪው፣ ነገ ያንቺን መኪና ይዞ ለመጣ ሌባም እንዲሁ ይሠራለታል። የጠፋው ቁልፍ ከተሰረዘ በኋላ ሞተር አያስነሳም፣ ብረቱ ግን አሁንም በር ይከፍታል። ይህን ብዙ ሰው አይነግርሽም። ታክሲ ውስጥ ከቁልፉ ጋር የጠፋ አድራሻ ያለበት ወረቀት ካለ፣ የበሩንም መክፈቻ ማስቀየር አይከፋም።

እና እባክሽ፣ በዚያው ሁለት አሠሪ። አንድ ቁልፍ በእጅ እያለ ሁለተኛ ማስጨመር ቀላል ሥራ ነው። ባዶ እጅ ሲሆን ነው ዋጋው የሚሰቀለው።

ጥያቄ፦ የድሮ ቪትዝ ነች ያለችኝ። ሰውየው "ቺፕ አለው" ብሎ ብዙ ብር ጠየቀኝ። እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

የምግብ ፎይል ከኩሽና አምጣ። የቁልፉን ራስ፣ ፕላስቲኩን፣ ሁለት ሦስት ዙር ጥብቅ አድርገህ ጠቅልለው፣ ብረቱን ብቻ ተወው። ከዚያ አስነሳ። ሞተሩ ተነስቶ ከቀጠለ ቺፕ አይጠይቅም ማለት ነው። ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች ብዙዎቹ ኢሞቢላይዘር የላቸውም፣ ተራ ብረት ቀርጸህ ትነዳለህ። አውሮፓ ግን እንደ ፈረንጆቹ ከ1998 ጀምሮ አዲስ መኪና ላይ ግዴታ ስላደረገው፣ ከዚያ የመጣ ከሆነ አለው ብለህ ተነሳ።

ብረቱ አንገት ላይም እይ። ቶዮታ ላይ "ጂ" ወይም "ኤች" የሚል የላቲን ፊደል ተቀርጾ ካየህ የቺፑ ዓይነት ነው። ፊደሉን ለቁልፍ ሰሪው በስልክ ንገረው፣ ትክክለኛውን ዕቃ ይዞ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ቁልፌ ካልነቀነቅኩት አይዞርም። አስቀርጬ ነበር፣ አዲሱ ደግሞ ባሰ።

ያለቀ ቁልፍ ስታስቀርጽ ማለቁንም ነው የምታስቀርጸው። ያልተነካ መለዋወጫ ቁልፍ ካለህ ከእሱ ይቀረጽ። ከሌለህ በኮድ የሚቀርጽ ማሽን ያለው ሰው ፈልግ። የሞተር ዘይት ግን አታፍስበት፣ አቧራ ይይዝና ጭቃ ይሆናል። የደረቀ የግራፋይት ዱቄት ነው የሚሻለው። ደግሞ ያንን ሁሉ የቤት፣ የሱቅና የሳጥን ቁልፍ ከላዩ አውርድ፣ ተንጠልጥሎ እየጎተተ መክፈቻውን የሚበላው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ስማርት ቁልፍ ነው፣ ኪሴ ውስጥ ሆኖ በተን ተጭኜ የማስነሳው። ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ "ቁልፍ የለም" አለኝ፣ ሌሊት ነበር። እንዲህ ሲያጋጥም ምን ይደረጋል?

የሪሞቱ ባትሪ ደክሟል። ጎኑ ላይ ያለችውን መንጠቆ ስትጫን ብረት ቁልፍ ይወጣል፣ በእሱ በሩን ክፈት። ከዚያ ፍሬን ረግጠህ ሪሞቱን ራሱን የማስነሻው በተን ላይ አስነካው። ብዙዎቹ ላይ የቶዮታ ምልክት ያለበት ፊት ነው የሚነካው። ድምፅ ሲያሰማ ማስነሻውን ተጫን። ቺፑ ባትሪ አያስፈልገውም ብዬ የለ።

ባትሪ ስትገዛ ቁጥሩን አንብብ። 2032 ማለት ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ነው። 2016 በስፋት እኩል ነው፣ ውፍረቱ ግን 1.6 ብቻ ነው። ሱቁ "አንድ ነው" ቢልህ አትስማው፣ ስለሚላላ አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለችው እህቴ ያገለገለ ስማርት ቁልፍ በርካሽ አግኝታለች። መኪናው ከዱባይ ነው የመጣው። ትላክልኝ?

አትላክ። አሜሪካ የሚሸጡት ሪሞቶች በብዛት በ315 ሜጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው የሚሠሩት፣ ከገልፍ የመጣ መኪና ደግሞ ብዙውን ጊዜ 433 ነው የሚሰማው። መልኩ ቁርጥ ያንተው ቢሆንም መኪናው አይሰማውም። ያገለገለ መሆኑ ሌላ ችግር ነው። የቶዮታ ስማርት ቁልፍ አንዴ አንድ መኪና ላይ ከተመዘገበ ይቆለፋል፣ በልዩ መሣሪያ ካልተከፈተ ሌላ መኪና አይቀበለውም። እህትህ የግድ መላክ ካማራት ጫማ ትላክ። ቁልፍ ከሆነ የሻንሲ ቁጥርህን፣ የአሮጌውን ቁልፍ ጀርባ ፎቶና በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ልከህላት፣ ከዚያ ጋር የሚገጥም አዲስ ትፈልግ።

ጥያቄ፦ ከቻይና የገባ ፎልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው። ሻጩ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። ችግር አለው?

አለው፣ ዋጋ አስቀንስበት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በዝተዋል፣ ቁልፋቸው ግን እንደ ቪትዝ አይደለም። የፎልስዋገን አዳዲሶቹ ቁልፍ የሚመዘገበው በኢንተርኔት ከፋብሪካው ሲስተም ጋር በመገናኘት ነው፣ ስለዚህ የሚሠራልህ ሰው ጥቂት ነው። ሐሳብህን ቀይረህ ቢዋይዲ ብትገዛ ደግሞ አንዳንዱ ሞዴል ስፖኪዮ ላይ የምታስጠጋው ካርድ አለው፣ እሱንም ጠይቅ፣ ሻጩ መሳቢያ ውስጥ ረስቶት ይሆናል።

በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በሪሞት አልከፈት ካለ ሁሌ ቁልፉ አይደለም። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ስትሞት በሩም አይከፈትም። እሷን አስለካ።

ጥያቄ፦ ጂንስ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ታጠበ።

ቶሎ ክፈተው፣ ባትሪውን አውጣ፣ ሰሌዳውን በንጹሕ አልኮል ጥረግና ጥላ ሥር አድርቀው። ፀጉር ማድረቂያ አይንካው። ሩዝ ውስጥ መቅበሩንም ተወው፣ ሩዙን ብላው። ቺፑ አብዛኛውን ጊዜ በውሃ አይሞትም፣ መኪናው ይነሳል።

ጥያቄ፦ የያሪሱ ሰውዬ ነኝ። ቺፗን አገኘኋት! ግን ሳወጣት ተፈናጥራ ሶፋ ሥር ገባች።

ባለህበት ቁም፣ እንዳትረግጣት። የስልክህን መብራት ወለሉ ላይ አስተኝተህ አብራ፣ ጥላዋ ይታይሃል። ልጆቹን ግን መጀመሪያ ከሳሎን አስወጣ።