ለቤት ኮምፒውተር የቱን ፕሮሰሰር ልግዛ? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምፒውተር መገጣጠምና መጠገን የዕለት ሥራዬ ነው። ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል ነው። ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ "ለቤት ዴስክቶፕ ፈልጌ ነበር፣ በጀቴ ትንሽ ነው፣ የቱን ፕሮሰሰር ልግዛ?" ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ። ዋጋ ግን አልጠራም። ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ በሳምንቱ ይቀየራል። ዓመተ ምህረቱን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ሱቅ ያገለገለ ኮር አይ7 አገኘሁ። ሌላው ሱቅ አይ3 አለ፣ ዋጋው ግን ከአይ7ቱ ይበልጣል። የመጀመሪያው ሻጭ "አይ7 እያለልህ አይ3 ምን ያደርግልሃል?" አለኝ። ልውሰደው?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሙሉ ቁጥሩን አንብብ። አይ3፣ አይ5፣ አይ7 የሚለው የኢንቴል ኩባንያ ደረጃ የሚያወዳድረው የአንድ ትውልድ ፕሮሰሰሮችን ብቻ ነው። ትውልዱን የሚነግርህ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። አራት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያውን አሃዝ፣ በ1 የሚጀምር አምስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እይ። አይ7-2600 ሁለተኛ ትውልድ ነው፣ የ2011 ዕቃ። አይ3-12100 ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው፣ የ2022። ሁለቱም አራት ኮር (ሥራውን የሚሠሩ ክፍሎች) እና ስምንት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዱት የሥራ መስመር) አላቸው። ግን ኮር ለኮር ሲለካ አዲሱ አይ3 የድሮውን አይ7 እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። የተመደበለት ኃይልም ያንሳል፤ የድሮው 95 ዋት፣ የአዲሱ 60 ዋት ነው።

ሌላው፣ ኬዙ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አትመን። አይ7 ተለጥፎበት ውስጡ አይ3 የተገኘ ኮምፒውተር በእጄ ከፍቻለሁ። ገንዘብ ሳትከፍል ኮምፒውተሩን አስነሳውና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን። በሚከፈተው መስኮት ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ በል። ሙሉ ስሙ ከላይ በቀኝ በኩል ይወጣል። በስልክህ ፎቶ አንሳውና ቤትህ ሄደህ አጣራ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደልህ ትተኸው ውጣ።

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ ያሉት ፊደላት ግራ አጋቡኝ። ኤፍ፣ ኬ፣ ጂ ምንድን ናቸው?

መልስ፦ ገንዘብ የሚያስበሉት እነሱ ናቸው። ኢንቴል ላይ ኤፍ ማለት ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ (ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣ ክፍል) የለውም ማለት ነው። አንድ ልጅ አይ3-12100ኤፍ ረከሰልኝ ብሎ ገዝቶ ገጣጠመ። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ቦርድ) ተበላሽቷል ብሎ ሁለት ቀን ሲመላለስ ከረመ። ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ ግራፊክስ ካርድ ብቻ ነው የጎደለው። ካርድ ከሌለህ ኤፍ ያለበትን አትንካ።

የኢንቴል ተፎካካሪ ኤኤምዲ ላይ፣ በራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮቹ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ራይዘን 5 5600 ግራፊክስ የለውም፣ 5600ጂ ግን አለው። ኬ ፍጥነቱን ራሳቸው ከፍ ማድረግ ለሚፈልጉ ነው። ለበጀታችሁ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ሁለት ተማሪ ልጆች አሉኝ። ወርድ፣ ኢንተርኔት፣ ዩቲዩብ፣ አንዳንዴ የቪዲዮ ትምህርት። ከዚህ ያለፈ ነገር የለንም።

መልስ፦ እህቴ፣ ለእርስዎ ከሁሉም የሚያዋጣው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3060፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4፣ ሌኖቮ ኤም720 ዓይነቱን ይፈልጉ። ብዙዎቹ ስምንተኛ ትውልድ አይ5 ናቸው፤ አይ5-8500 ለምሳሌ ስድስት ኮር አለው። ከስምንተኛ ትውልድ እንዳይወርዱ አደራ። ምክንያቱም ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከዚያ ወዲህ ያሉትን ነው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2025 ላይ አብቅቷል።

አንድ ነገር ልለምንዎት። በጀቱ ከጠበበ ከአይ5 ወደ አይ3-8100 ይውረዱና በተረፈው ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን ማከማቻ) ያስገቡ። ሃርድ ዲስክ ብቻ ያለው ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሲነሳ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ራሙም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ከ8 ጊጋ አይነስ።

ጥያቄ፦ ሥራዬ ፎቶና ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው፣ ግን ገና ጀማሪ ነኝ። ኢንቴል ይሻለኛል ወይስ ኤኤምዲ?

መልስ፦ አይ5-12400 ብታገኚ ደስ ይለኛል። ስድስት ኮር፣ አሥራ ሁለት ትሬድ አለው። የራሱ ግራፊክስ ውስጥ ደግሞ ቪዲዮ የሚያነብና የሚጽፍ ክፍል ስላለ ኤዲት ስታደርጊ ያግዝሻል። ኤፍ የሌለበት መሆኑን ብቻ እዪ። ራም 16 ጊጋ።

ጥያቄ፦ እኔ ጌም ነው የምፈልገው። ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም።

መልስ፦ ራይዘን 5 5600ጂ። ጂቲኤ 5 ዓይነቱን ቅንብሩን ዝቅ አድርገህ በደንብ ትጫወትበታለህ። ግን ራሙን አንድ ባለ 16 አድርገህ አትግዛ፤ ሁለት ባለ 8 አድርገው። ውስጥ ያለው ግራፊክስ የሚበላው ከዚያው ከራሙ ነው። ሁለት መንገድ ሲከፈትለት ልዩነቱን በዓይንህ ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ ቢ450 ማዘርቦርድ ላይ ራይዘን 3 2200ጂ አለኝ። ሁሉንም ሳልቀይር ማሻሻል ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ እንዲያውም እንዳንተ የታደለ የለም። ሶኬትህ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ፣ ኤኤም4 የሚባለው ነው። ያው ቦርድ ላይ 5600ጂ ይገባል፤ ግራፊክስ ካርድ ካለህ ደግሞ 5600። ቅደም ተከተሉን ግን እንዳትስት።

አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) አድስ። አዲሱን ፕሮሰሰር አሮጌ ባዮስ ላይ ብትሰካው ኮምፒውተሩ አይነሳም። ባዮስ ስታድስ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ ሁን። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱ ሊሞት ይችላል፤ የእኛን መብራት ደግሞ ታውቀዋለህ። ዩፒኤስ ከሌለህ ለአንድ ሰዓት ተዋስ።

ከዚያ ሂትሲንኩን (ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ብረት) ስታነሳ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አትሳብ። በመሃላቸው የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ለዓመታት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቃል፣ ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ይዞት ይወጣል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ ያህል አሠራውና ፔስቱ ይሙቅ። ከዚያ አጥፍተህ፣ የመብራት ገመዱን ከግድግዳው ነቅለህ፣ ሂትሲንኩን በቀስታ ግራና ቀኝ እያዞርክ ስታላቅቀው "ጠቅ" ብሎ ይለቃል። ኤኤም4 ላይ እግሮቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ነው፤ 1331 ናቸው፣ ከመርፌ ይቀጥናሉ። አንዱ ከታጠፈ በምላጭ ጠርዝ በጣም በዝግታ ይቃናል። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ለሌላ ሰው ስጠው። አዲሱን ስታስገባ ጥጉ ላይ ያለችውን ሦስት ማዕዘን ከቦርዱ ጋር አስተያይና አስቀምጠው። በራሱ ክብደት ይገባል። ከገፋኸው የሆነ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነው ያለሁት። ለወንድሜ አዲስ አበባ ይዤለት ልምጣ?

መልስ፦ ፕሮሰሰር ቀላል ዕቃ ነው፣ ይዘህለት ና። ግን መጀመሪያ የማዘርቦርዱን ስም ከነሞዴሉ ፎቶ አስነሳው። ሶኬቱ ካልገጠመ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ኤኤም4 ከሆነ ከፕላስቲክ ማቀፊያው አታውጣው።

ሙሉ ዴስክቶፕ የምታመጣ ከሆነ ከጀርባው ፓወር ሰፕላዩን እይ። 100-240 የሚል ከተጻፈበት ችግር የለም። ቀይ መቀያየሪያ ካለው ግን 115 ላይ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ሳይሰካ ወደ 230 ይገፋ። እንደዚያው 220 ላይ ተሰክቶ "ጧ" ብሎ የጨሰ ስንቱን አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ አሥራ ሦስተኛና አሥራ አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ይበላሻል ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ እውነት አለው፣ ግን የእናንተን በጀት አይነካም። በ2024 ጎልቶ የወጣው ችግር ከፍ ባሉት፣ በተለይ አይ7ና አይ9 ላይ ነበር። ምክንያቱ የቮልቴጅ ነው፤ ኢንቴል በባዮስ በኩል ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናቸውንም አራዘመ። አይ3-13100ና 14100 አልተካተቱበትም። አሥራ ሁለተኛ ትውልድም ንጹህ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ኤኤም5ስ ምን ትላለህ?

መልስ፦ ከኤኤም4 ቀጥሎ የመጣው የኤኤምዲ ሶኬት ነው። ጥሩ ነው፣ ዕድሜም አለው። ግን ዲዲአር5 የሚባለውን አዲሱን የራም ዓይነት ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ቦርዱም ይወደዳል። በጀቱ ትንሽ ለሆነ ሰው አሁን አልመክርም።

ጥያቄ፦ ኤን100 የሚባል ፕሮሰሰር ያለበት ትንሹ ኮምፒውተርስ?

መልስ፦ ለኢንተርኔትና ለጽሑፍ ይበቃል። ፕሮሰሰሩ የተመደበለት 6 ዋት ብቻ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ በትንሽ ዩፒኤስ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ፕሮሰሰሩ ግን ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ ነገ ልቀይረው ብትል አይሆንም።

ጥያቄ፦ አዲስ አይ3-12100 ገዛሁ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ፋን ይበቃል ወይስ ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ ይበቃል። ከሥሩ ፔስቱ ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ በጣትህ አትንካው። አራቱን እግሮች በዲያጎናል (ጥግ ለጥግ) ተጫን፤ እያንዳንዱ ሲገባ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ ቦርዱን ገልብጠህ አራቱም ከጀርባ ብቅ ማለታቸውን እይ። አንዱ ካልወጣ በደንብ አልያዘም፣ ይሞቃል። ኮምፒውተሩን መሬት ላይ አታስቀምጥ፣ የአቧራችንን ነገር ታውቃለህ። በዓመት ሁለቴ በቀለም ብሩሽ ጠረግ ጠረግ አድርገው።