መልስ፦ አባትህ ቃሉ እንጂ ሐሳቡ አልጠፋባቸውም

"አባቴ ስትሮክ ከመታው ወዲህ የምንለው ይገባዋል፣ መናገር ግን አቃተው። አእምሮውን ስቶ ይሆን?" ላልከው፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ይሄ አእምሮ መሳት አይደለም። መረዳትና ቃል ማውጣት አንጎል ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ አይሠሩም። በ1861 እ.ኤ.አ. ፓሪስ አጠገብ ሐኪሙ ብሮካ ያየው በሽተኛ የሚባለው ይገባው ነበር። ከአፉ የሚወጣው ግን ከሞላ ጎደል "ታን" ብቻ! ሲሞት አንጎሉ ታየ፤ የተጎዳው በግራ በኩል ያለው የፊት ክፍል ነበር።

እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ ያለችው አክስቴም እንደዚያው ሆና ነበር። "ስኒ" ማለት አቅቷት ረከቦቱን በጣቷ ታሳየናለች። ጎረቤት ገብታ በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ?" (እንዴት ነሽ?) ስትላት ግን "ነጋ!" (ሰላም ነው) ብላ ቁጭ። የተለመደ ሰላምታና ዘፈን ብዙ ጊዜ ሳይጎዳ ይቀራል።

አባትህን በአዎና በአይደለም የሚመለስ ነገር ጠይቃቸው። ቃል ሲፈልጉ ደግሞ ቀድመህ አትንጠቃቸው። የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ካገኛችሁ ቶሎ ጀምሩ።