ስምንቱም ትሬድ እየሠራ ስሌቱ ለምን ይዘገያል?

ጥያቄው የደረሰኝ ከኮዬ ፈጬ ነው። ጠያቂዋ የውሃ ምህንድስና የማስተርስ ተማሪ ናት፤ የአቃቂን ወንዝ ጎርፍ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋና ነምፓይ በሚባለው የሒሳብ ላይብረሪው (ተዘጋጅቶ የሚጫን የኮድ ስብስብ) ታሰላለች። የዝናቡን መጠን እየቀያየረች ያንኑ ስሌት አንድ ሺህ ጊዜ ትደግመዋለች። ላፕቶፗ 4 ኮር (የፕሮሰሰሩ ሠሪ ክፍል) እና 8 ትሬድ (ኮር ላይ የሚሄድ የሥራ መስመር) ያለው ኢንቴል ሲሆን የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። እንዲፈጥንላት ሥራውን በ8 ፕሮሰስ (ለየብቻ በሚሮጡ የፕሮግራሙ ቅጂዎች) ብትከፋፍለው፣ የፕሮሰሰሩን ሥራ የሚያሳየው የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር 100 በመቶ እያለ፣ ስሌቱ በአንድ ፕሮሰስ ከሚፈጅበት ጊዜ በላይ ወሰደባት። «ፕሮሰሰሩ ተበላሽቶ ነው ወይስ ሌላ ማሽን ልግዛ?» ብላለች።

እህቴ፣ ከነገርሽኝ ሁሉ የማሽን ብልሽት ምልክት አላየሁበትም፤ ገንዘብሽን አታውጪ። የሆነው ሥራው ሁለት ጊዜ መከፈሉ ነው። አንዴ አንቺ በ8 ፕሮሰስ ከፈልሽው። ሁለተኛ ደግሞ ነምፓይ ሳትነግሪው ከፈለው። ነምፓይ ማትሪክስ ሲያባዛ ወይም የእኩልታ ስብስብ ሲፈታ ከሥሩ ላለ ላይብረሪ ያስረክባል። በፓይተኑ መጫኛ በፒፕ ከጫንሽው ይህ ላይብረሪ ብዙውን ጊዜ ኦፕንብላስ ነው፤ አናኮንዳ በሚባለው የፓይተን ጥቅል ከሆነ ደግሞ የኢንቴሉ ኤምኬኤል ሊሆን ይችላል። ኦፕንብላስ ገደብ ካልተሰጠው ማሽኑ ላይ ባየው ትሬድ ልክ ሥራውን ይበትናል። እንግዲህ 8 ፕሮሰስ እያንዳንዱ 8 ትሬድ ሲከፍት 64 ትሬድ በ4 ኮር ላይ ይጋፋል፤ አራት ምጣድ ላይ ስልሳ አራት ጋጋሪ እንደማለት ነው። ተራ በመቀያየር ጊዜ ይባክናል፤ አንዱ በካሽ ሜሞሪ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለችው ትንሽ ፈጣን ማስቀመጫ) ያስቀመጠውን ዳታ ሌላው ገፍቶ ያስወጣዋል። ሥራ ያልደረሰው ትሬድም ወዲያው አይተኛም፣ ለጥቂት ጊዜ ኮሩን በባዶ እያሠራ ይጠብቃል። ያ መጠበቅ ታስክ ማናጀር ላይ እንደ ሥራ ይቆጠራል። ስለዚህ 100 በመቶውን አትመኚው።

መፍትሔው ከሁለቱ ከፋዮች አንዱን ማስቆም ነው። ያንቺ አንድ ሺህ ስሌቶች አንዱ የሌላውን ውጤት አይጠብቅም፤ እንዲህ ላለ ሥራ በፕሮሰስ መክፈሉ ይሻላል። ነምፓይን ግን አንድ ትሬድ ላይ እሰሪው። ኮድሽ አናት ላይ፣ በፓይተኑ ኦኤስ ሞጁል ውስጥ ባለው ኢንቫይሮን (ፕሮግራሙ የሚያነባቸው ቅንብሮች ዝርዝር) በኩል፣ «ኦኤምፒ ነም ትሬድስ» የተባለውን ቫሪያብል 1 አድርጊ። ስሙ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፋል፤ ሦስቱ ክፍሎች በአንደርስኮር ይያያዛሉ፤ 1 ቁጥሩም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ መግባት አለበት። «ኦፕንብላስ ነም ትሬድስ» እና «ኤምኬኤል ነም ትሬድስ» የሚባሉትንም እንዲሁ አድርጊ፤ ሁሉንም መሙላት ጉዳት የለውም።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቦታው ላይ ነው። ይህ መስመር ነምፓይ ኢምፖርት ከመደረጉ (ወደ ኮዱ ከመጠራቱ) በፊት መቅደም አለበት፤ ላይብረሪው ቁጥሩን የሚያነበው ሲጫን ነውና። ከኢምፖርቱ በታች ብትጽፊው ስህተት የሚል መልእክት አይመጣም፣ ግን ምንም አይለወጥም። ሲፓይና ፓንዳስ የሚባሉት ላይብረሪዎችም ነምፓይን ይዘው ስለሚገቡ ከእነሱም ይቅደም። መሥራቱን ለማረጋገጥ ታስክ ማናጀር ውስጥ ዲቴይልስ ግቢና «ትሬድስ» የሚለውን ዓምድ አውጪ፤ የእያንዳንዱ ፓይተን ቁጥር መቀነስ አለበት።

ከዚያ የፕሮሰሱን ብዛት ከ8 ወደ 4 አውርጂው። ሃይፐርትሬዲንግ የሚባለው የኢንቴል ዘዴ አንዱን ኮር ለዊንዶውስ ሁለት አድርጎ ያሳየዋል እንጂ የሒሳብ መሣሪያውን አያባዛም፤ የማትሪክስ ሥራ ደግሞ ያንን መሣሪያ አንድ ትሬድ ብቻ ሆኖም ከሞላ ጎደል ይሞላዋል። በጎን ጽሑፍሽን የምትጽፊ ከሆነ 3 ይበቃሻል።

አንድ ቀን ሥራሽ ተቀይሮ አንድ ግዙፍ ማትሪክስ ብቻ የምትፈቺ ከሆነ ይህንን ሁሉ ገልብጪው፦ ፕሮሰሱ 1፣ ትሬዱ 4።

የእኔን ቁጥር ግን እንዳለ አትቀበዪ፤ ለኪው። ሃያ ስሌት ብቻ ወስደሽ በ1፣ በ2፣ በ4 እና በ8 ፕሮሰስ አስኪጂና ሰዓቱን ጻፊ። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ይሁን፤ በባትሪ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ልኬቱ ያሳስትሻል። ከመለካትሽ በፊትም ለጥቂት ደቂቃ ሥሪበትና ይሙቅ። እኛ የምንኖረው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። የግንባታ አቧራ በበዛበት ሰፈር የተደፈነ ፋን ሲጨመርበት ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ያወርዳል። ፋኑን አስጠርጊው። መብራት ሲሄድም የሌሊቱ ድካም እንዳይጠፋ እያንዳንዱ ስሌት ሲያልቅ ውጤቱን ፋይል ላይ ጻፊ።

ዝናቡን በዘፈቀደ ቁጥር የምታወጪ ከሆነ ለእያንዳንዱ ስሌት የተለየ ሲድ (የዘፈቀደ ቁጥሮቹ መነሻ) ስጪ፤ ነምፓይ ከ1.17 ጀምሮ ለዚሁ «ሲድ ሲኩዌንስ» የሚባል አለው። ያለዚያ፣ ኮዱን ወደ ሊኑክስ ማሽን በወሰድሽ ቀን፣ አራቱ ፕሮሰሶች አንድ ዓይነት ዝናብ ሊያሰሉ ይችላሉ፤ ሺህ ያልሽው ውጤት 250 ብቻ ይሆናል። በተረፈ የትሬዱን ቁጥር ስትቀይሪ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ትንሽ ቢለያዩ አትደንግጪ፤ ኮምፒውተር አሥርዮሽ ሲደምር የመደመሩ ቅደም ተከተል ማጠጋጋቱን ይለውጠዋል። ልዩነቱ አሥረኛው አሃዝ አካባቢ ወይም ከዚያ ወዲያ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ሦስተኛው አሃዝ ላይ ከታየ ግን እኩልታሽን መልሰሽ መርምሪ።