ከአልጋው በላይ የተሰቀለው ሥዕል ለምን ወደቀ?

አንዲት አንባቢ ከሐዋሳ ጽፋልኛለች። ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ የተከራየነው ቤት መኝታ ክፍሉ 3 በ3 ሜትር ተኩል ነው። ለሠርጋችን የተሰጠንን ትልቅ ሥዕል ከአልጋው በላይ ሰቀልነው። 70 በ100 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሐይቁ ላይ ያለች ታንኳ ናት፣ ሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለች። አቧራ እንዳይነካት ብለን 3 ሚሊ መስታወት አስገጠምንላት። በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ስመለስ መስታወቱ ትራሴ ላይ ተበትኖ አገኘሁት። ግድግዳው ላይ ቡጢ የሚያህል ጉድጓድ ቀርቷል። አከራያችን አይተው ዝም አሉ፣ ዝምታቸው ግን ደስ አይልም። ጉድጓዱን በምን ልድፈነው? ሥዕሉንስ መልሼ ልስቀለው? ክፍሉም እንዲሁ ቀዝቃዛ ሆኖብኛል። አበባ ባስቀምጥ በሁለት ቀን ይጠወልጋል። ብዙ ገንዘብ የለኝም።»

እህቴ፣ እንኳን ትራሱ ላይ ብቻ ወረደ! ግድግዳው ይጠገናል።

እስቲ መጀመሪያ ክብደቱን እናስላ። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ያንቺ መስታወት ብቻውን ከ5 ኪሎ ያልፋል። ፍሬሙንና የጀርባውን ኤምዲኤፍ ጣውላ ስትጨምሪበት ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። ይህን ሁሉ የተሸከመው አንድ ሚስማር ነው። ሚስማሩ ደግሞ የያዘው ልስኑን ነው እንጂ ግድግዳውን አይደለም።

የብሎኬት ግድግዳ ከውጭ ሲያዩት ድፍን ይመስላል። ከላይ 2 ሴንቲ ገደማ ልስን አለ። ቀጥሎ የብሎኬቱ ስስ ፊት ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። በኛ አካባቢ ብሎኬት ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በፑሚስ ነው፣ ያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ። ፑሚስ ለቤት ጥሩ ነው፣ ሙቀትም ቶሎ አያሳልፍም። ሚስማር ግን አጥብቆ አይዝም። በመዶሻ በመታሽው ቁጥር ዙሪያውን ታደቅቂዋለሽ። ለጊዜው የጠበቀ ይመስላል። በር በተዘጋ ቁጥር ግን በራሱ ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እየላላ ይሄዳል። አንድ ቀን ልስኑን ይዞ ይወርዳል።

አሁን አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ ሥዕል መስታወት አያስፈልገውም። መስታወት የሚያስፈልገው ወረቀት ላይ ለተሣለ፣ ለፎቶና ለውሃ ቀለም ነው። ዘይት ቀለም በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራው ከተጠረገለት ይበቃዋል። መስታወቱ ተሰብሮ ግማሹን ሥራ ሠርቶልሻል ማለት ነው። ሌላ አታስገጥሚ። የቆዳ ሥዕልም ቢኖርሽ እንደዚያው ነው። የቢሾፍቱው አርቲስት ለማ ጉያ በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል የታወቁ ነበሩ። ከሳቸው ወዲህ የቆዳ ሥዕል በብዙ ቤት አያለሁ። ችግሩ ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይኮማተራል። ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እሱን ከሻወር ግድግዳም ከመስኮትም ማራቅ ነው።

ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። ዳር ዳሩን በጣትሽ ጫን ጫን አድርጊው። የሚንቀሳቀሰውን ልስን ሁሉ አንሺ፣ አትሳሺለት። ጉድጓዱ ሊሰፋ ይችላል፣ ይስፋ። አቧራውን በብሩሽ አውጪና ውስጡን በውሃ አርሺው። የምትደፍኚው በጀሶ ነው፤ ደረቅ ብሎኬት የጀሶውን ውሃ ይመጠዋል፣ ጀሶውም ሳይጠነክር ይፈረካከሳል። ጉድጓዱ እስከ ባዶው ድረስ ከዘለቀ መጀመሪያ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጨብጠሽ ጠቅጥቂበት። አለበለዚያ ጀሶሽ ሁሉ ግድግዳው ሆድ ውስጥ ይገባል።

ጀሶ ስታቦኪ ዱቄቱን ወደ ውሃው ጨምሪ እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አትጨምሪ። የምታቦኪው አንድ የቡና ሲኒ ወይ ሁለት ይሁን። በ10 ደቂቃ ውስጥ ይጠነክርብሻል፣ ከጠነከረ በኋላ ውሃ ጨምሮ ማሸት ዋጋ የለውም። ሁለት ጊዜ ከፍለሽ ሙዪው። ከግድግዳው ፊት ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ተዪውና ላዩን በስቱኮ ጨርሺው። በማግስቱ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው።

ቀለሙ ላይ ሰው ይሳሳታል። የነበረውን ቀለም ከጥፍር የሚተልቅ ቁራጭ ፍቀሽ ቀለም ቤት ውሰጂ፣ ያመሳስሉልሻል። ግን የጠገንሽውን ቦታ ብቻ አትቀቢ። የድሮው ቀለም ፀሐይና ጭስ አይቷል። አዲሱ ሱሪ ላይ እንደተጣፈ እራፊ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግድግዳውን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ቀቢው። ለአንድ ግድግዳ ትንሽ ጣሳ ይበቃል። ከመግዛትሽ በፊት አከራይሽን አማክሪያቸው። ቀለሙን ራሳቸው የሚገዙ አከራዮች አጋጥመውኛል፣ ቤታቸው እኮ ነው።

እግረ መንገድሽን አልጋውን ሳቢና ከወለሉ እስከ ጉልበት ያለውን ግድግዳ እዪ። ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካለ፣ ቀለሙም እየተላጠ ከሆነ፣ ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ነው። ወደ ሐይቁ በቀረቡ ሰፈሮች ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እሱን በዘይት ቀለም አትሸፍኚው። ውሃው መውጫ ሲያጣ ቀለሙን እንደ እንጀራ ዓይን እያስነሳ ይልጠዋል። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ቀቢና አልጋውን ከግድግዳው 10 ሴንቲ አርቂው፣ አየር ይለፍበት።

ሥዕሉን ወደ ቦታው ልመልሰው ወይ ላልሽው፣ አይሆንም። ራስጌ ላይ ከባድ ነገር መስቀል አልወድም። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲደጋግም ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሰው ራስጌው ላይ ያለውን ነገር ቀና ብሎ ማየት ጀምሮ ነበር። ከዚያም ሌላ አጎበር አለ። ሐዋሳ ላይ ወባ ስላለ አጎበሩ አይቀርም። አጎበሩ ደግሞ ከፍሬሙ ጋር ሲተሻሽ ያድራል። ደግሞስ ተኝተሽ የማታዪው ሥዕል ምን ይሠራልሻል? ከአልጋው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ አድርጊው። ስትነቂ መጀመሪያ የምታዪው ታንኳዋን ይሁን።

ጋዜጣ ቀጣጥለሽ በፍሬሙ ልክ ቁረጪና በወረቀት ፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፊው። አንድ ሌሊት ይደር። ቆመሽ እዪው፣ ተኝተሽም እዪው። ሳሎን ቢሆን የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 1 ሜትር ተኩል ይሁን እልሽ ነበር። መኝታ ቤት ግን የሚታየው ከአልጋ ላይ ስለሆነ ወደ 1 ሜትር ከ35 ዝቅ ቢል ደስ ይላል። ብዙ ሰው ሥዕል የሚሰቅለው ኮርኒስ ሊያስነካ ምንም አይቀረው፣ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ከመብሳትሽ በፊት ማብሪያና ሶኬቱን ፈልጊ። ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ከነሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከማብሪያ በላይም ከሶኬት በላይም አይበሳም። ይህን የተማርኩት በሰው ቤት ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሳሎን ውስጥ «ይቺ ቦታ ታምራለች» ብዬ በሳሁ። ብልጭ አለና ቤቱ ጨለመ። የቤቱ እመቤት ሻማ ይዘው መጥተው «ልጄ፣ በሕይወት አለህ?» አሉኝ። የዚያን ቀን ሒሳብ አልተቀበልኩም።

ሁለት ቦታ ይበሳ፣ በ40 ሴንቲ ርቀት፣ በውሃ ልክ ተለክቶ። በ8 ቁጥር ፑንታ፣ ማለትም በድሪል መብሻ። ለብሎኬት የሚሆን ረጅም ፊሸር ብለሽ ጠይቂ፣ ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ ነው። ባዶው ውስጥ ሲገባ የሚቋጠር ዓይነት አለ፣ እሱ ነው የሚሻለው። ብሎኑ 6 ሴንቲ ይሁን። ከፍሬሙ ጀርባ ያለውን ሽቦ እንደ ክራር ጅማት አትወጥሪው። ሽቦው በተወጠረ ቁጥር ፍሬሙን ወደ ውስጥ የሚጎትተው ኃይል ይበዛል። ትንሽ ረገብ ይበል። ከፍሬሙ ጀርባ፣ በታችኞቹ ሁለት ማዕዘኖች፣ ከጠርሙስ ቡሽ የተቆረጠ ስስ ክብ በሙጫ ለጥፊ። ሥዕሉ አይንሸራተትም፣ በጀርባው አየር ያልፋል፣ ግድግዳውንም አይጭረውም።

ከአልጋው በላይስ ባዶ ይቅር? አይቅር፣ ግን ቀላል ነገር ይሁን። ሦስት ሰፌድ፣ ትልቅና ትናንሽ፣ ትንሽ ሚስማር ይበቃቸዋል። ወይም የዶርዜ ሸማኔ የሠራው ባለቀለም ጨርቅ በቀጭን እንጨት ላይ ተወጥሮ። ቢወድቅ እንኳ ያስቅሽ እንደሆነ እንጂ አይጎዳሽም። አጎበሩንም ከአራት ማዕዘን በሲባጎ ከመወጠር ክብ የሆነውን ገዝተሽ ከኮርኒሱ በአንድ መንጠቆ አንጠልጥዪው። ኮርኒሱ ቺፑድ ከሆነ መንጠቆው ሞራሌው ላይ፣ ማለትም ቺፑዱ የተመታበት እንጨት ላይ መዋል አለበት። ሞራሌ ብዙውን ጊዜ በየ60 ሴንቲው ነው። በጣትሽ እያንኳኳሽ ሂጂ፣ ድምፁ ድፍን የሚልበት ቦታ እሱ ነው።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ሆነብኝ ያልሽው በኔ ግምት ከአምፖሉ ነው። የአምፖሉን ካርቶን እዪ። 6500 ኬ (K) የሚል ከሆነ የሱቅ ብርሃን ነው፣ ሰማያዊ ያደላል፣ የሰው ፊት ያገረጣል። 3000 ኬ የሚለውን ግዢ። መኝታ ቤት ላይ ከዚህ በላይ በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ነገር አላውቅም። መጋረጃውን ደግሞ ከመስኮቱ አናት ሳይሆን ከኮርኒሱ ሥር ስቀዪው፣ ክፍሉ ቁመት ያገኛል።

አበባውን በተመለከተ እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ግን ባለቤቴ ለ6 ዓመት አበባ ሸጣለች፣ የምነግርሽ የሷን ነው። ባቱ፣ የድሮው ዝዋይ፣ ዙሪያ ሰፋፊ የጽጌረዳ እርሻዎች አሉ፣ አበባው ሩቅ ተጉዞ አልመጣም። የሚጠወልገው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ግንዱን ከታች 2 ሴንቲ ያህል በስል ቢላ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ቁረጪ፣ መቀስ ይጨፈልቀዋል። ውሃ ውስጥ የሚነከረውን ቅጠል ሁሉ አንሺ፣ የሚበሰብሰው እሱ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና። ስኳሩ ይመግበዋል፣ በረኪናው ባክቴሪያውን ይይዝልሻል። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሪ፣ በቀየርሽ ቁጥርም ጫፉን እንደገና ቁረጪ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትገባበት መስኮት ላይ አታስቀምጪው። ከሙዝና ከማንጎ ሳህን አጠገብም አይሁን። የበሰለ ፍራፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ አበባን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል። በየሳምንቱ መግዛት ከከበደሽ እሬት በሸክላ ማሰሮ ትከዪ። በ15 ቀን አንዴ ብታጠጪው አያኮርፍም።

ድሪል ከሌለሽ ለሁለት ቀዳዳ ብለሽ አትግዢ። ሰፈርሽ ውስጥ ያለ አናጺ ጥሪ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ድሪሉን ሲያስነሳ ግን አጠገቡ ቁሚና «የመዶሻውን ምት አጥፋው» በዪው። ብሎኬት በመዶሻ ምት ሲበሳ ከውስጥ በኩል ይፈነቀላል፣ ፊሸሩም የሚይዘው ያጣል። ካኮረፈሽ እኔ ነኝ ያልኩት በዪው።