«በአርሰኒክ ጥናት ማን ይቀጥርሻል?» ለተባለችው ተማሪ

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሐዋሳ የባዮሎጂ ተማሪ ነሽ፤ ዘንድሮ ትመረቂያለሽ። አርሰኒክ የተባለው መርዛማ ንጥረ ነገርና እንደ ክሮሚየም ያሉ ብረቶች ሕያው ሴልን እንዴት እንደሚጎዱ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። ጓደኞችሽ «በዚህ ማን ይቀጥርሻል?» ይሉሻል። እናትሽ ደግሞ «መርዝ ስትነካኪ ልትኖሪ ነው?» ብለው ተቆጥተዋል። ከየት ልጀምር ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት አላቸው። «የአርሰኒክ ተመራማሪ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ እኔም አይቼ አላውቅም። የሚወጣው «የውሃ ጥራት ባለሙያ»፣ «የላቦራቶሪ ባለሙያ»፣ «ኬሚስት»፣ «የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ባለሙያ» የሚል ነው። ያንቺ ሥራ በእነዚህ ስሞች ውስጥ ተደብቋል። እኔ እንደማየው፣ እኛ አገር ውሃውን የሚለካው ኬሚስት ሴሉን አያይም። ሴሉን የሚያየው ባዮሎጂስት ደግሞ መለካቱን ለሌላ ሰው ይተዋል። አንቺ ሁለቱንም ቻይ። ሌላው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚቀዳ ነው።

ለምን ሁለቱንም እንደምል ላስረዳሽ። አርሰኒክ ውሃ ውስጥ በአብዛኛው በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ አርሴኔት ነው። ሴሉ ከሚያስፈልገው ከፎስፌት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ሴሉ ፎስፌት መስሎት ያስገባዋል። ሴሉ ጉልበት የሚይዝበት ሞለኪውል፣ ኤቲፒ፣ ሲሠራ በፎስፌቱ ቦታ አርሴኔት ይገባል፤ የተሠራው ነገር ግን ወዲያው ይፈርሳል። ሴሉ ስኳሩን ይፈጃል፣ ጉልበቱን ግን አያገኝም። ሁለተኛው አርሴናይት ነው፤ የባሰውም እሱ ነው። ፕሮቲን ላይ ጎን ለጎን ያሉ የሰልፈር ጫፎችን ጨብጦ ይይዛል። ከስኳር ጉልበት ለማውጣት የሚረዳው ፓይሩቬት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ሥራ የሚያቆመው በዚህ መንገድ ነው። አሣ ውስጥ በብዛት ያለው ኦርጋኒክ (ከካርቦን ጋር የተያያዘ) አርሰኒክ ደግሞ ጉዳት የለውም ማለት ይቻላል። ሦስቱንም የመለኪያ መሣሪያው «አርሰኒክ» ብሎ በአንድ ቁጥር ሊነግርሽ ይችላል።

ክሮሚየም የተባለው ብረትም እንደዚሁ በተለያየ መልክ ይገኛል። የቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፋት የሚጠቀሙት ክሮሚየም ሦስትን ነው፤ እሱ ወደ ሴል በቀላሉ አይገባም። ክሮሚየም ስድስት ግን በሰልፌት መግቢያ ሰተት ብሎ ይገባና ዲኤንኤ ይጎዳል። ስለዚህ የቆዳ ፋብሪካዎች ካሉበት ከሞጆ አካባቢ የፍሳሽ ናሙና ቢሰጥሽ «ስንት ክሮሚየም አለ?» ብለሽ አታቁሚ። «የትኛው?» በይ። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ጥያቄ ያነሳች ተመራቂ ጠያቂዎቹን ቀና ታደርጋቸዋለች።

አሁን ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሰናከልበትን ቦታ ልንገርሽ፤ የመጠን ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የአርሰኒክ መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ላብ ውስጥ ወደምንጠቀምበት የክምችት መለኪያ፣ ወደ ሞላር፣ ስትቀይሪው 0.13 ማይክሮሞላር ገደማ ይመጣል። ተማሪው ግን ሴሎቹ ላይ 50 ማይክሮሞላር ይጨምራል፤ ከዚያ ልክ 375 ጊዜ ያህል የበለጠ ማለት ነው። ሴሎቹ ያልቃሉ፤ ተማሪውም «መርዛማ መሆኑ ተረጋገጠ» ብሎ ይጽፋል። በዚያ መጠን ቢያልቁ ምን ይገርማል? ሰው የሚጎዳው ሴሎቹን ወዲያው በማይገድል መጠን፣ ዓመታት እየጠጣ ነው። ባንግላዲሽ ውስጥ ሕዝቡ ከተበከለ የገጸ ምድር ውሃ እንዲገላገል ተብሎ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጉድጓዶች በብዛት ተቆፈሩ። አርሰኒኩ የተደረሰበት በ1993 ነው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ አይሸትም፣ ጣዕሙም አይለይም። ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ያከማቸዋል። ቆይቶ የሚመጣው የቆዳ፣ የፊኛና የሳንባ ካንሰር ነው። አንቺ ሙከራሽን ስታቅጂ ይህን መጠንና ይህን ጊዜ አስቢ።

ጉዳዩ ሩቅ አገር ብቻ ያለ እንዳይመስልሽ። አንቺ በምትማሪበት በስምጥ ሸለቆ ሁሉም የሚያውቀው ፍሎራይድን ነው። ነገር ግን እሳተ ገሞራው ከተወው ዓለት የተነሳ አንዳንድ ጉድጓዶች ውስጥ አርሰኒክም ከዓለም ጤና ድርጅት ልክ በላይ ተገኝቷል። በ2010 ዓ.ም. ጉጂ ዞን ለገደምቢ ላይ ሕዝቡ «የወርቅ ማዕድኑ እኛንም ከብቶቻችንንም እየጎዳ ነው» ብሎ ተቃውሞ አሰምቶ የማምረት ፈቃዱ ታግዶ ነበር። በናይጄሪያዋ ዛምፋራ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ወርቅ ለማውጣት የሚፈጨው ድንጋይ እርሳስ ስለነበረበት ከ400 በላይ ሕፃናት ሞተዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ወላጆች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ልጄን ያመመው ይሄ ነው? መልሱን በልኬትና በሴል አስደግፎ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ «እንጀራ አይሆንም» ሲሉሽ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከሽንኩርት ጀምሪ። የሴል ማሳደጊያ ላብ እስኪገኝ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። የሽንኩርት ሥር ሙከራ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ፣ ዛሬም በጥናት ጽሑፎች ላይ የሚወጣ ዘዴ ነው። እኩል መጠን ያላቸውን ሽንኩርቶች መርጠሽ የሥሩን ደረቅ ቅርፊት በጥንቃቄ አንሺ። ትንንሽ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጪያቸው፤ ታችኛው ብቻ ውሃውን ይንካ። ከፊሉን ንጹሕ ውሃ ላይ፣ ከፊሉን የወንዝ ናሙናሽ ላይ አድርጊ። ውሃውን በየቀኑ ቀይሪ። በሁለትና በሦስት ቀን ሥር ያወጣል፤ በማስመሪያ ለኪ። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ላብ ውሰጂው። የሥሩን ጫፍ ቆርጠሽ በኢታኖልና በአሴቲክ አሲድ አቆዪው፣ በአሲድ አለስልሺው፣ በአሴቶካርሚን አቅልሚው። ስላይዱ ላይ ሽፋኑን በአውራ ጣትሽ ጫን ብለሽ ጨፍልቂው። ማይክሮስኮፑ ላይ የሚከፈሉ ሴሎችን ቁጠሪ። ሲለያዩ መሐል ላይ እንደ ክር የተወጠሩ ክሮሞዞሞች፣ ከዋናው ኒውክለስ ውጭ የቀሩ ትንንሽ ነጠብጣቦች ካየሽ ጻፊያቸው። ስላይዶቹን ሌላ ሰው በቁጥር ይሰይማቸው፤ የቱ የወንዝ፣ የቱ የንጹሕ ውሃ እንደሆነ ሳታውቂ ቁጠሪ። ይህቺ አንድ ጥንቃቄ ብቻ ከብዙ አመልካቾች ትለይሻለች።

በርግጥ ሽንኩርቱ «ውሃው ይጎዳል» ይላል እንጂ «አርሰኒክ ነው» አይልም። ለዚያ ልኬት ያስፈልግሻል። ስለዚህ ማስተርስ ስትፈልጊ የትምህርት ክፍሉን ስም ሳይሆን ላቡን ምረጪ። አናሊቲካል ኬሚስትሪ፣ ሜዲካል ባዮኬሚስትሪ፣ ፋርማኮሎጂ፣ የአካባቢ ሳይንስ፣ ሁሉም ያስኬዳል። ላቡን ስትጎበኚ «አቶሚክ አብዞርፕሽን (ብረቶችን በብርሃን የሚለካ) መሣሪያ አላችሁ?» ብለሽ ብቻ አትመለሺ። ያ መሣሪያ በተለምዶ ለየንጥረ ነገሩ የየራሱ ላምፕ ይፈልጋል። መሣሪያው ኖሮ የአርሰኒክ ላምፕ ላይኖር ይችላል። አነስተኛ መጠን ለመለካት ደግሞ አርሰኒኩን ወደ ጋዝ ቀይሮ ወደ መሣሪያው የሚያስገባ ሃይድራይድ ጄኔሬተር ያስፈልጋል። እሱ ይሠራል ወይ? ጋዙ አለ ወይ? ባለፈው ዓመት አርሰኒክ የለካ ተማሪ አለ ወይ? ካለ እሱን ፈልገሽ አነጋግሪው።

ሥራ ስትፈልጊ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን፣ የተስማሚነት ምዘና ድርጅትን፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን፣ የክልል ውሃ ቢሮዎችንና የማዕድን ኩባንያዎችን ተከታተይ። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ሲቪሽ ላይ «ስለ መርዛማነት ፍላጎት አለኝ» አትበይ። የሠራሽውን ጻፊ፦ ስንት ናሙና፣ በምን ዘዴ፣ ማነጻጸሪያሽ ምን እንደነበር። ልብሽ ወደ መድኃኒት ካዘነበለም መንገድ አለ። አርሰኒክ ትራይኦክሳይድ በቻይናዋ ሃርቢን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ተሞክሮ፣ አሜሪካ በ2000 (እ.ኤ.አ.) አጽድቃዋለች።

እናትሽን አትቆጪያቸው፤ ስጋታቸው ትክክል ነው። ቤት ውስጥ የወንዝ ውሃና ሽንኩርት ይበቃሻል፤ እጅሽን ታጠቢ፣ የማዕድ ቤት ዕቃ አትጠቀሚ፣ ሽንኩርቶቹም ወደ ድስት እንዳይገቡ። የአርሰኒክ ጨው ግን ገዝተሽ ቤት አታስገቢ። አርሰኒክ ያለበትን ነገር ከዚንክና ከአሲድ ጋር ማገናኘት አርሲን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ያለ ጋዝ መሳቢያና ያለ ተቆጣጣሪ አትሞክሪው። ማስተርስ የምትገቢበት ላብ ስትሄጂ ጋዝ መሳቢያው ሲበራ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። አርሰኒክና መሰል ብረቶች ያሉበት ፍሳሽ የሚጠራቀምበትን ጀሪካን ፈልጊ፤ ላዩ ላይ ምልክት አለ? ወደ ሲንክ ሲደፉት ካየሽ እዚያ አትመዝገቢ። ጥሩ ላብ ካገኘሽ ደግሞ ከተቻለ አንድ ቀን እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ፣ በዓይናቸው ይዩት። ለአማካሪ የምትጽፊውን ኢሜይል ከመላክሽ በፊት ረቂቁን ላኪልኝ፤ የሽንኩርቱን ውጤት ከነሠንጠረዡ አያይዢበት።